በመቶ ሃምሳና በመቶ ስድሳ መካከል

ባለፈው ሳምንት ከተማሪዎቼ አንዷ ላፕቶፗን እንደታቀፈች ቢሮዬ ገባችና «ሚስ፣ ይሄ ፕሮግራም በጣም ዘገየብኝ፤ ምን ባደርግ ይሻላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁለት አቶሞች መግነጢስ ባለበት ቦታ ሲገናኙ የሚሆነውን ነበር የምታሰላው፤ በሦስት ሺህ የተለያየ የመግነጢስ ጉልበት፣ አንድ በአንድ። ሥራው በሙሉ አራት ደቂቃ ፈጀ። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ሽቅብ ተወረወረ፤ ወዲያው ከታች በኩል ብቅ አለና ተመልሶ ጠፍጣፋ ሆነ። ልጅቷ አዛጋች።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ተናደድኩ። «አራት ደቂቃ ነው ዘገየብኝ የምትዪው?» አልኳት፤ ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ይቅርታ ጠይቃኝ ወጣች። ምንም አላጠፋችም። ያቺን ሽቅብ የምትወረወር መስመር እኔ በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ከሚሴ ላይ ተቀምጬ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ፈልጌ አጥቻታለሁ። ማጣት ብቻ ቢሆን እንኳ ጥሩ ነበር።

ነገሩ ለማያውቀው ሰው እንግዳ ስለሚመስል በቀላሉ ላስረዳ። አቶሞችን ቅዝቃዜ ሊደርስ ከሚችልበት የመጨረሻ ጠርዝ አጠገብ ድረስ ካቀዘቀዟቸው መራወጣቸውን ይተዋሉ። ያን ጊዜ አንዱ አቶም ለሌላው ያለውን ስሜት (የፊዚክስ ሰዎች ስሜት ማለቴን ይቅር ይበሉኝ) በአንድ ቁጥር መግለጽ ይቻላል። ቁጥሩ ፖዘቲቭ ሲሆን ይገፋፋሉ፣ ኔጋቲቭ ሲሆን ይሳሳባሉ፣ ዜሮ ሲሆን እንደማይተዋወቁ ሰዎች ይተላለፋሉ። የሚገርመው፣ በዙሪያቸው ያለውን መግነጢስ ከፍ ዝቅ በማድረግ ይህን ቁጥር ሰው እንደፈለገ ሊለውጠው መቻሉ ነው። በአብዛኛው ቦታ መግነጢሱን ብንጨምረውም ብንቀንሰውም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። አንዳንድ ቦታ ላይ ግን ሁለቱ አቶሞች ለቅጽበት ሊጣመሩ የሚችሉበት ሁኔታ ይፈጠርና ቁጥሩ ያብዳል። ያንን ቦታ ሬዞናንስ ይሉታል። የእኔ ሥራ ሊቲየምና ፖታሲየም ሲገናኙ ያ ቦታ የት እንደሆነ በስሌት ማግኘት ነበር።

ያን ጊዜ ተወልጄ ባደግኩባት በከሚሴ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህርት ነበርኩ። ሚሊኒየሙ ካለፈ ገና ብዙ አልሆነም። ሁለተኛ ዲግሪዬን የምማረው በክረምት ነው፤ በዝናቡ ወራት አዲስ አበባ፣ በተቀረው ጊዜ ከሚሴ። አማካሪዬ ረጋ ያሉ ዶክተር ነበሩ። ርዕሱን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው «ይሄ ጥሩ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ከሚሴ ሆነሽ አትችይውም። የንባብ ሥራ ልስጥሽ» አሉኝ። የንባብ ሥራ ማለት ሌሎች የሠሩትን ሰብስቦ መጻፍ ነው። «እችለዋለሁ» አልኩ። አልዋሽም፣ ይቻል አይቻል አላውቅም ነበር፤ «ከሚሴ ሆነሽ» የምትለዋ ቃል ናት ያንገበገበችኝ።

ዶክተሩ ተስማሙ፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች እነዚህን ሬዞናንሶች ከሦስት መቶ ጋውስ በታች በሙከራ አይተዋቸዋል። ጋውስ የመግነጢስ መለኪያ ነው። «የት የት እንደሆኑ አልነግርሽም፤ መልሱን አስቀድመሽ ካወቅሽ ስሌቱን ወደ መልሱ ትጎትቺዋለሽ። ፕሮግራምሽ ትክክል ከሆነ ራሱ ያገኛቸዋል። እስከ ግንቦት መጨረሻ አንዱን እንኳ ካላገኘሽ ርዕሱን እቀይረዋለሁ» አሉ። ከዚያ በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝና በዚሁ ርዕስ አንድ የዶክትሬት ተማሪ እንደሚፈልጉ፣ ሥራውን ከተወጣሁት ቦታው የእኔ እንደሆነ ነገሩኝ። በደስታ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

የመስከረም መጀመሪያ ላይ ፕሮግራሙን የያዘውን ሲዲ በሹራብ ጠቅልዬ፣ ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ ሹራቡ አስፈለገኝ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ ላብ አጠመቀኝ። ሰንበቴ ስንደርስ የገበያ ቀን ነበርና ግመሎቹ አስፋልቱን እስኪለቁልን ግማሽ ሰዓት ቆምን። በመስኮት የተቀቀለ በቆሎ ገዝቼ እየጋጥኩ፣ እንደ እኔ ያለ ደስተኛ ሰው አገሩ ላይ ያለ አልመሰለኝም። አንድ ዓመት እንዲያ ደስ ሳይለኝ እንደምቆይ ማን ነግሮኝ።

የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል አሥራ ሁለት ማሽን ነበረው። የሚሠሩት ሦስት፣ የእኔን ፕሮግራም ሊሸከም የሚችለው አንድ። መብራት ደግሞ በፈረቃ ሆኗል፤ አንድ ቀን ይበራል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። ይህ እንግዲህ በወረቀት ላይ ነው። በሚበራበትም ቀን እንደ ልቡ ነበር የሚሄደው። ለአንድ የመግነጢስ ዋጋ ስሌቱ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ሁሉም ነገር ይጠፋና ከዜሮ ይጀመራል። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ሲሞላ የሚሄድን መብራት ያህል በሕይወቴ የጠላሁት ነገር የለም። የሚሄደውም ያን ጊዜ ነው። ሆን ብሎ የሚያደርገው ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ቁጭ ብዬ አሰላሁ። ዕድለኛ በሆንኩበት ቀን አራት ዋጋ እጨርሳለሁ፤ ባልሆንኩበት አንድም አልጨርስም። ከዜሮ እስከ ሦስት መቶ ጋውስ በአሥር በአሥር እየዘለልኩ ከሄድኩ ሠላሳ አንድ ዋጋ ይሆናል፤ እስከ ግንቦት ይደርሳል፣ ስህተት ቢኖር ለመድገምም ጊዜ ይተርፋል። በአሥር እንዲሆን ወሰንኩ። ፊዚክሱ አይደለም አሥርን የመረጠው፣ ፈረቃው ነው። እኔ ግን ይህን ወዲያው ረሳሁትና አሥር ከሰማይ የወረደ ይመስል ይዤው ቀጠልኩ።

የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ጺማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ ረጅም ሰው። ትምህርት ቤቱ ከመግባታቸው በፊት እዚያው አጠገብ፣ ጨፋ ውስጥ ለብዙ ዓመት ዝናብ የሚለካ ሰው ነበሩ። በየማለዳው ጠርሙሱን አይተው ስንት እንደጣለ ይጽፋሉ፤ ባልጣለ ቀን ዜሮ ይጽፋሉ። የተማሩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ሳስተምር እሳቸው ማሽኑ አጠገብ ተቀምጠው፣ አንዱ ስሌት ሲያልቅ ውጤቱን ከስክሪኑ ላይ ወደ መዝገብ ይገለብጣሉ፣ ቀጣዩን ዋጋ ያስገባሉ። ማተሚያ የለንም፤ ማሽኑም አይታመንም፤ ያለን ነገር ያ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ብቻ ነበር። በየመስመሩ የመግነጢሱን ዋጋ፣ ውጤቱን፣ ሰዓቱን፣ መጨረሻ ላይ «ሰይድ» ብለው ይጽፋሉ። ስማቸው ለምን እንደሚያስፈልግ ስጠይቃቸው «ማን እንዳነበበው ያልተጻፈ ቁጥር፣ ቁጥር አይባልም» አሉኝ። እኔ ባነበብኩበት መስመር ላይ ስሜን ካልጻፍኩ መዝገቡን አይዘጉትም ነበር።

ጠዋት በሩ ላይ ስንገናኝ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ይሉኛል፤ «አካም ቡልቴ ቲቸር?»

«ነጋ፣ ጋሽ ሰይድ። መብራት አለ?»

«አልሃምዱሊላህ፣ አለ። እስኪሄድ።»

አንድ ቀን ስለሥራው ጠየቁኝና ነገርኳቸው። በጥሞና አዳምጠው «እንግዲህ የሚያጣላቸውም የሚያስታርቃቸውም መግነጢሱ ነው?» አሉ። «አዎ» አልኩ። «እነሱ ሳይለወጡ?» «እነሱ ሳይለወጡ።» ጺማቸውን እየዳሰሱ «ሱብሃነላህ» አሉና ወደ ስክሪኑ ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራውን እንደራሳቸው ያዩት ጀመር። ይህን ያን ጊዜ አላስተዋልኩም፤ አሁን ነው የሚገባኝ።

የመጀመሪያው ዙር ጥር ላይ አለቀ። ሠላሳ አንዱም ቁጥር ስድሳ አካባቢ። ጠፍጣፋ። ወደ ዶክተሩ ደወልኩ፤ «ፕሮግራሙ ውስጥ ስህተት ይኖራል፣ ፈልጊ» አሉኝ። ፕሮግራሙን በእጅ ወረቀት ላይ ገልብጬ፣ ፀሐይ ሳይከር በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ሸንኮራ እየመጠጥኩ መስመር በመስመር አነበብኩት። አንዲት ትንሽ ስህተት አገኘሁ። በደስታ ሁለተኛውን ዙር ጀመርኩ። አይጥ ገመድ በላብን፤ ማራገቢያው ተቃጥሎ ማሽኑን በካርቶን ቁራጭ እያራገብን አሠራነው፤ ባልተራው ቀን የመጣ መብራት ጋሽ ሰይድን ከቤታቸው ሮጠው እንዲመጡ አደረጋቸው። መጋቢት ላይ ሁለተኛው ዙር አለቀ። ስድሳ፣ ስድሳ አንድ፣ ስድሳ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ።

ሰውነቴ አለቀ። እናቴ ጨጨብሳ በቅቤ ለውሳ ፊቴ ታስቀምጥና አልበላ ስላት «ሁለት አቶም ለማገናኘት ይሄን ያህል ትለፊያለሽ፣ ከአንድ ባል ጋር ለመገናኘት ግን ጊዜ የለሽም» ትለኛለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ተማሪዎቼ ላይ እጮሃለሁ፣ ጠመኔ እሰብራለሁ፣ መንገድ ላይ ሰላም የሚለኝን ሰው አላይም። ያስጨነቀኝ መውደቁ ብቻ አልነበረም። «ከሚሴ ሆነሽ አትችይውም» ያሉት ሰው ልክ ሊሆኑ ነው፤ ይህ ነበር አንጀቴን የሚያሳርረው።

በልጉ ያን ዓመት በደንብ ጣለ። ጋሽ ሰይድ መስኮቱ አጠገብ ቆመው ጣሪያውን የሚደበድበውን ዝናብ እየሰሙ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሆን በጆሮ ይገምቱ ነበር። አንድ ቀን መዝገቡን ገልጠው ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ።

«ቲቸር፣ እዚህ መቶ ስድሳው ላይ ትንሽ ዝቅ ብሏል። ሁለቱንም ጊዜ።»

አየሁት። ሌሎቹ ስድሳ አካባቢ ሲሆኑ ያ ሃምሳ አራት ነበር። «የማሽኑ ግድፈት ነው» አልኩ።

«ሁለቱንም ጊዜ?»

«ጋሽ ሰይድ፣ እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለ ሽርፍራፊ አይደለም። ሲመጣ ራሱን ያሳውቃል» አልኩና የፈተና ወረቀቴን ማረም ቀጠልኩ። እሳቸውም ወደ መስኮቱ ተመለሱ።

ሚያዝያ ላይ ሦስተኛውን ዙር ጀመርን። ፕሮግራሙን እንደገና ነካክቼዋለሁ፤ ጊዜው ደግሞ እየሮጠ ነው። አንድ ማክሰኞ፣ የመብራት ተራችን በሆነበት ቀን፣ ጠዋት መቶ ስድሳን አስጀምሬ ክፍል ገባሁ። እስከ ከሰዓት በኋላ መቶ ሰባና መቶ ሰማንያ ማለቅ አለባቸው፤ ለእያንዳንዷ ሰዓት ዕቅድ አውጥቻለሁ። የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ጨርሼ ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ስገባ ሁለት የሒሳብ መምህራን ፈተና ሊያስተይቡ ተራ ይዘው ተቀምጠዋል። መዝገቡን ከፈትኩ። መቶ ስድሳ አለ። ከሥሩ ግን መቶ ሰባ አልነበረም። መቶ ሃምሳ ስምንት ይላል፤ ውጤቱ ኔጋቲቭ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ሰዓቱ። ሰይድ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«መቶ ስድሳው ሦስተኛም ጊዜ ዝቅ አለ። እኔም ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሼ አነበብኩት።»

«ማን አንብቡ አለዎት?»

«ማንም አላለኝ። ጨፋ እያለሁም ጠርሙሱ ላይ ያልለመድኩት ነገር ሳይ የነገን ጠዋት አልጠብቅም፤ ወዲያው ተመልሼ አያለሁ። ከጠዋት እስከ ጠዋት አንዴ ብቻ ካየሁ፣ የቦርከናን ወንዝ ያስሞላው ዶፍ በየትኛው ሰዓት እንደጣለ በምን አውቃለሁ?»

ደሜ ፈላ። ያየሁት ነገር ሁለት ሰዓት መባከኑን ብቻ ነው። ነገ መብራት የለም፤ ከነገ ወዲያ ስብሰባ አለብኝ። ቁጥሩ ራሱ ደግሞ የእብድ ቁጥር ነው፤ ስድሳ በስድሳ በሆነ መዝገብ ውስጥ ኔጋቲቭ ሦስት መቶ ከየት ይመጣል? ቁጥር ሲያስገቡ ተሳስተዋል፣ ወይም ሲገለብጡ ተሳስተዋል። አልጠየቅኳቸውም። ከደረት ኪሴ ቀይ እስክሪብቶ አውጥቼ መስመሩን ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት።

ጋሽ ሰይድ ከወንበራቸው ተነሡ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ቲቸር፣ የተነበበ ቁጥር አይሰረዝም። ከተጠራጠርሽ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት ታደርጊና ደግመሽ ታነቢያለሽ።»

«ይሄ የዝናብ ጠርሙስ አይደለም» አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት። «በስምንተኛ ክፍል ትምህርት ፊዚክስ አያስተምሩኝ።»

ሁለቱ መምህራን መሬት መሬት አዩ። ጋሽ ሰይድ እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ውስጥ ሰኩ፣ የክፍሉን ቁልፍ ከቀለበቱ ላይ ፈትተው መዝገቡ ላይ አስቀመጡ። «ቶሌ፣ እሺ ቲቸር። አላህ ያግዝሽ» አሉኝ፤ ወጡ። ማሽኑ መቶ ሰባን እያሰላ ነበር።

በማግስቱ ርእሰ መምህሩን አስፈቅደው ወደ ቤተ መጻሕፍት ተዛወሩ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታቸውን አልከለከሉኝም፤ «አካም» ይሉኝና ያልፋሉ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሁለት ጊዜ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ በር ሄጄ ተመልሻለሁ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ሥራ በዝቶብኛል የሚል ነበር። እውነቱ ግን አሁንም ልክ እኔ ነኝ ብዬ ማመኔ ነው። ሦስተኛውን ዙር ብቻዬን ጨረስኩ። እኔ ክፍል ስገባ ማሽኑ ባዶውን ይቆማል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚያስነሣው የለም። ውጤቱ ያው ጠፍጣፋ ሆነ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ለዶክተሩ ደወልኩ። ሰምተውኝ ሲያበቁ ርዕሱን እንደሚቀይሩት፣ የንባብ ሥራውን ክረምት ላይ እንዳስረክብ ነገሩኝ። ድምፄን ሰምተው መሰለኝ «አይዞሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። በዚያ መብራት ማን ይሠራል?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያችን ቃል እንደ መድኃኒት ያዝኳት። ለእናቴም ነገርኳት፣ ለርእሰ መምህሩም ነገርኩት፣ ለጠየቀኝ ሁሉ መለስኩ። መብራቱ ነው አልኩ። ሁሉም ከንፈሩን መጠጠልኝ፤ የፈረቃው ነገር ያላንገሸገሸው ሰው አልነበረማ።

ክረምት ገባ። አዲስ አበባ ዝናቡ አያባራም፤ ጫማዬ አንድም ቀን ሳይደርቅ የንባብ ሥራዬን ጽፌ አስረከብኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፊርማ ስጠብቅ የትምህርት ክፍሉ ኮምፒውተር ክፍል ባዶ ነበር። ማሽኖቹ አዳዲስ ናቸው፤ የከሚሴውን የሁለት ሰዓት ስሌት በሰከንዶች ይጨርሳሉ። ፕሮግራሙን አርሜ የገለበጥኩበት ሲዲ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ለእልህ ያህል ከተትኩት፤ በአሥር ፋንታ በግማሽ ጋውስ እየተራመደ እንዲሄድ አዘዝኩት። ለምን በግማሽ? እዚያ ማሽን ላይ በግማሽ ቢሄድም ስለማይዘገይ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ ምንም የተለየ ነገር አልጠበቅኩም።

መስመሩ ከዜሮ ተነሥቶ ጠፍጣፋ ሆኖ መጣ። መቶ ሃምሳን አለፈ። ከዚያ ሽቅብ ተወረወረ፣ ከታች ብቅ አለ፣ መቶ ስድሳ ከመድረሱ በፊት ተመልሶ ጠፍጣፋ ሆነ። ጥቂት ራቅ ብሎ ሌላ አንድ አለ፤ ከእሱም የጠበበ። ቀጭን ነገሮች ናቸው። አሥር ጋውስ እየዘለለ ለሚሄድ ሰው ከኋላም ከፊትም የሚታይ ነገር የለም፤ ምናልባት ከስድሳ ወደ ሃምሳ አራት ዝቅ ያለች አንዲት ቁጥር ብቻ።

መዝገቡን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሁለቱ ቀይ መስመሮች ቁጥሩን አልሸፈኑትም። መቶ ሃምሳ ስምንትን ለብቻው አስገባሁት። ማሽኑ ኔጋቲቭ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ብሎ መለሰልኝ። ሬዞናንሱ በትክክል ያለበት ቦታ ጋሽ ሰይድ ካነበቡበት በጥቂት ነጥብ ብቻ ዝቅ ያለ ነበር። ዕድል አለበት፣ አልክድም፤ መቶ ሃምሳ አምስት ብለው ቢያነቡ ኖሮ ይህን ያህል ባላበደ። እሳቸው ግን ዝም ብለው አልነበረም እዚያ የሄዱት፤ መቶ ስድሳው ዝቅ ስላለ ነው።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ዶክተሩ ሮጥኩ። ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ትክክል ነው» አሉ፤ «ሰዎቹም ያዩት እዚህ አካባቢ ነው።» ከዚያ ወረቀቱን መለሱልኝ። «ምነው ይሄን በግንቦት ባመጣሽልኝ። ቦታውን ለሌላ ተማሪ ከሰጠሁት ሳምንት ሆነው።» ከልባቸው አዝነዋል፤ ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። እኔ ግን ለእሳቸው ማዘን አልሆነልኝም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

መስከረም ላይ ከሚሴ እንደገባሁ መዝገቡን ይዤ ጨፋ በሚወስደው መንገድ ጋሽ ሰይድ ቤት ሄድኩ። ጤፉ ጉልበት ደርሷል፣ መንገዱ ዳር ጭቃው ገና አልደረቀም። ጋሽ ሰይድ ከፓፓያቸው ሥር ቦይ እየጠረጉ ነበር። ሲያዩኝ ዶማቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ታጠቡና ጥላው ሥር አስቀመጡኝ። ባለቤታቸው እሸት በቆሎ በሰሃን አቀረቡልን።

«አፉ ይበሉኝ ጋሽ ሰይድ» አልኩ። «ያ ቁጥር ልክ ነበር።»

«ስንት መጣ?»

«ኔጋቲቭ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።»

ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር ይዘው ወጡ። ዝናብ ሲለኩ የለመዱት ሥርዓት ነው፤ አንዱን ለመሥሪያ ቤቱ ይጽፋሉ፣ አንዱን ለራሳቸው ይገለብጣሉ፣ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ይጠፋልና። የእኔንም ሥራ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እንዲሁ ገልብጠውታል። ገጾቹን ገልጠው መቶ ሃምሳ ስምንት ላይ አቆሙ። ቁጥሩ እንደተጻፈ አለ። ከአጠገቡ በእሳቸው እጅ የጥያቄ ምልክት ተደርጎበታል።

«እኔም ተጠራጥሬ ነበር» አሉኝ። «ወላሂ፣ ልክ ነው ብዬ አልነበረም። ስትመጪ ደግመን እናነበዋለን ብዬ ነው የጠበቅኩሽ።»

ጥፋቴ ነው ብዬ አስበው የነበረው ልክ የሆነን ሰው አለማመኔን ነበር። እሳቸው ግን ልክ ነኝ አላሉም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደግመን እናንብበው።

«አፉ ብዬሻለሁ ቲቸር» አሉ ደብተሩን እየዘጉ። «ግን ለምን ደግመሽ አላነበብሽውም? ሁለት ሰዓት ነበር።»

«መብራቱ» ብዬ ጀመርኩ። ጋሽ ሰይድ አዩኝ። አልጨረስኩትም። በቆሎውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝና ስለ ጤፉ ማውራት ጀመሩ።

እሳቸው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። እኔም ከሚሴን ለቅቄ ኮሌጅ ማስተማር ከጀመርኩ ቆየሁ፤ ዶክትሬቱ ሳይሆንልኝ ቀረ፤ ጠባይዋ አስቸጋሪ የሆነች መምህርት ሆኜ እዚህ ደርሻለሁ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ። አይጧን፣ የካርቶን ማራገቢያውን፣ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ላይ የሚሄደውን መብራት። እንዴት እንደሚስቁ፣ መጨረሻ ላይ እንዴት እንደሚያዝኑልኝ። ጋሽ ሰይድንም እጠቅሳቸዋለሁ፤ ማሽኑን በካርቶን ሲያራግቡ ብቻ። ስለ ቀዩ እስክሪብቶ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ተማሪዬ ከቢሮዬ ከወጣች በኋላ ብዙ ቆይቼ በሩን ዘጋሁ። በማን ነው የተናደድኩት ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ፈረቃው ብዙ ነገር ወስዶብኛል፤ አሥርን የመረጠልኝ እሱ ነው፣ ይህን እስክሞት አልተውለትም። ያ ማክሰኞ ግን የመብራት ተራችን ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ አንድም ጊዜ አልጠፋም።